ምኑ ነው የሚቀረው?

ስልካችን ላይ የምንጫነውን ነገር አዋቂዎቹ አዝራር ይሉታል፤ እኛ በተን እንበለውና እሮሯችንን እንቀጥል።

በቀደም በስልኬ ያዘዝኩትን ቡና መፍጫ ልሰርዝ ገባሁ። «ትዕዛዙ ይሰረዝ?» አለኝ። ከሥሩ ሁለት በተን፤ አንዱ «እሺ»፣ ሌላው «ይቅር»። ምኑ ነው የሚቀረው? ትዕዛዙ ይቅር ወይስ መሰረዙ ይቅር? እንደ ቅኔ ተማሪ ሰሙንና ወርቁን ስፈታ ቆየሁና «ይቅር» የሚለውን ተጫንኩ። መፍጫው በማግስቱ ደጄ ድረስ መጣ። «አዎ፣ ሰርዝልኝ» ብሎ መጻፍ ስንት ብር ያስወጣ ነበር?

ፎርሙስ? ስማችንን እንሞላለን፣ የአያት ስም እንሞላለን፣ መታወቂያችንን ፎቶ አንስተን እናስገባለን። መጨረሻ ላይ «ቀጥል» የሚለው በተን ግራጫ ለብሶ ይጠብቀናል። ብንነካው አይሰማ፣ ምን ጎደለ ብንለው አይናገር። ወደ ላይ እንወጣለን፣ ወደ ታች እንወርዳለን፤ ለካ የስልክ ቁጥራችን በ09 ሳይሆን በ251 መጀመር ነበረበት። አስተካክለን ስንጫን ደግሞ ጸጥ። ኔትወርኩ ነው ብለን ደግመን እንጫናለን። በዚህ ዓይነት ሁለቴ የተመዘገብን፣ ሁለቴ የከፈልን ስንቶቻችን ነን! «እየተላከ ነው» ቢለን እኮ ጣታችንን ሰብስበን እንቀመጥ ነበር።

መጠኑን ተዉት። አፕል የሚነካ ነገር ከ44 በ44 ነጥብ እንዳያንስ ይመክራል፤ የጉግል መመሪያ ደግሞ 48 ይላል። ለእኛ የምትደርሰን የማስታወቂያ መዝጊያ ግን ምስር ታክላለች። ልንዘጋ ስንነካት ማስታወቂያው ይከፈታል።

ንድፍ አያውቁም እንዳንል ደግሞ፣ እነሱ የሚፈልጉት በተን ሲሆን ያውቁበታል። «ሁሉንም ተቀበል» ደማቅ፣ ሰፊ፣ አውራ ጣታችን ሥር የተነጠፈ ነው። «አልቀበልም» ግን ከሦስት ገጽ ጀርባ ተደብቋል። ፈረንሳይ ውስጥ የግል መረጃ ጠባቂው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን ያሳወቀው ለዚሁ ነው፤ ድረ ገጽ የሚከታተለንን ኩኪ እሺ ማለት ቀሎ እምቢ ማለት ስለከበደ። እኛ ግን የሚቀጣልን ስላላየን እሺ እንላለን።

ቡና መፍጫው ካርቶኑ ሳይከፈት ጥግ ላይ ተቀምጧል። «ዕቃ መልስ» የሚለውን በተን ያያችሁ፣ እባካችሁ የት እንዳለ ጠቁሙኝ።