አውራ ጣት አያጭድ

በናይሮቢው ሰፈር ኪሌሌሽዋ ውስጥ ባለ ግቢው ቪላ ፈርሶ አፓርታማ በበቀለ ቁጥር ኳስ ወዳዱ ይበዛል፤ ሜዳው ግን ያው ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ረጅሙ ዝናብ ወርዶ ሣሩ ጉልበት ሲደርስ፣ በጎ ፈቃደኛ ይጠራል። ዋትስአፕ ላይ አውራ ጣት እንደ አሸን ይፈላል። ቅዳሜ ማለዳ ማጭድ ይዘው የሚገኙት ሁለት አዛውንትና አንድ ዘበኛ ናቸው። ዘበኛው ደግሞ ደመወዝተኛ ነው።

የቀረነው ከባድ ጉዳይ ይዘናል፦ ኬንያ ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ ጋር የምታዘጋጀው የ2027 (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫ! የ1996ቱ (እ.ኤ.አ.) በዝግጅት ጉድለት ከኬንያ ተነጥቆ ለደቡብ አፍሪካ መሰጠቱን እያነሣን፣ ስንፍናን አምርረን እንወቅሳለን። ለመስመር ማስመሪያ ኖራ አዋጡ ስንባል ኔትወርክ ይጠፋል። ጨዋታው ሲጀመር ግን «መስመሩ ጠሟል!» ብለን ቀድመን የምንጮኸው እኛው ነን።