በጥቂት ብር ብዙ ዓሣ ለመፍጀት

ሣሎን ውስጥ ለምለም ዕፅዋት የበቀሉበት የዓሣ ገንዳ ለማቆም የሀብታም ኪስ አያስፈልግም። ለማበላሸትም እንዲሁ። እርስዎ በሁለተኛው በኩል የዳበረ ልምድ እንዳለዎት ስለምናውቅ፣ ይህ ምክር ማስታወሻ ቢሆንዎት ብለን ነው።

ከበጀቱ እንጀምር። መስታወት ቤት ሄደው 60 ወይም 80 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ማሠራት እየቻሉ፣ አምስት ሊትር እንኳ የማይሞላውን ክቡን ብርጭቆ ይምረጡ። ጠረጴዛ ላይ ያምራል። ውኃው ባነሰ ቁጥር ቶሎ ይመረዛል የሚሉትን አይስሙ። የተረፈውን ብር በሰማያዊ ጠጠር፣ በሰመጠች መርከብና አረፋ በሚተፋ ዛጎል ይጨርሱት። ፊልተር አይግዙ፤ እንግዳ የማያየው ነገር ላይ ብር ማውጣት ምን ይባላል?

ዓሣዎቹን ገንዳውን በሞሉበት ቀን ይጨምሩ። ይህ የምክራችን ሁሉ መሠረት ስለሆነ ደግመን እንላለን፤ በዚያው ቀን፣ ከተቻለ በዚያው ሰዓት። የቧንቧ ውኃ በባልዲ ተከፍቶ ቢያድር ክሎሪኑ ተንኖ ይወጣል፤ ነፃ ነው፣ ስለዚህ ይቅርብዎ። ከዓሣው ኩስ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ዕፅዋቱ ወደሚመገቡት ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ጠጠሩና ፊልተሩ ላይ ሠፍረው እስኪበረቱ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። ስድስት ሳምንት! እንግዶቹ የሚመጡት እሑድ ነው። ባክቴሪያ ደግሞ ለእንግዳ አይታይም።

ዓሣ ሲመርጡ ቀለም እንጂ ጠባይ አይዩ። ሙቅ ውኃ የሚወደውን ጋፒና ቀዝቃዛ የሚስማማውን ጎልድ ፊሽ አንድ ላይ ይክተቱ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ሲመጣ ጋፒው ራሱ ቦታ ይለቅልዎታል። አሥራ አምስት ይግዙ፤ ሁለት ብቻ ካዩ ሰው ምን ይላል? ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ታዲያ ምን ይጠበስ፣ እኛስ እየኖርንበት አይደል? ሻጩ «ይኼ አያድግም» ካለዎት ደግሞ ይመኑት። ጎልድ ፊሽ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ እንደሚያድግና በአግባቡ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ እንደሚኖር ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። እርስዎ ቤት የሚቆየው እስከ ሐሙስ ስለሆነ አልዋሸም።

አሁን ወደ ጽዳቱ። ዓሣን እንደ ጽዳት የሚፈጀው የለምና እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ቅዳሜ ጠዋት ዓሣዎቹን ወደ ጎድጓዳ ሳህን ያዙሯቸው፤ ገንዳውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ይድፉ፤ ጠጠሩን በፈሳሽ ሳሙና ይሹ፤ የፊልተሩን ስፖንጅ (ዘመድ ከገዛልዎ) ጥቁር ውኃ መውጣቱ እስኪቆም ድረስ በቧንቧ ይጠቡት። ልብዎ ካልረጋ በረኪና አለ። በዚያ ጥቁር ነገር ውስጥ ለመበርታት ስድስት ሳምንት የሚፈጁት ባክቴሪያዎች አሉ፤ እንኳን ሄዱልን። ከዚያ ቀዝቃዛውን የቧንቧ ውኃ ሞልተው ዓሣዎቹን ይመልሱ። ማክሰኞ ሁለቱ ይንሳፈፋሉ። ስለ ሞቱ ውኃው ቆሽሿል ማለት ነውና ረቡዕ ደግመው ይጠቡ። ሐሙስ አራት። ዓርብ የዕቃ መደርደሪያዎን የሚመስል ንጹሕ ገንዳ ይኖርዎታል።

እኔ እኮ የውኃውን ሩብ ብቻ፣ በሳምንት አንዴ ቀይር ብዬህ ነበር! ስፖንጁንም ከገንዳው በቀዳኸው ውኃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገህ መልሰው ብዬህ ነበር! ዓሣ ሸሚዝ ነው እንዴ? … ይቅርታ። ወደ እርስዎ እንመለስ።

ዕፅዋቱ ላይ ብዙ አናድክምዎ። አኑቢያስ የምትባለዋ የምዕራብ አፍሪካ ተክል ብርሃንም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ብዙ አትፈልግም፤ ድንጋይ ላይ በክር ቢያስሯት ለዓመታት ትኖራለች። ስለዚህ ወፍራም ግንዷን እስከ ቅጠሏ ድረስ ጠጠር ውስጥ ይቅበሩት፤ በስብሶ ይሞታል፣ ሌላ ይገዛሉ። ከባለገንዳ ጓደኛ ቁራጭ ለምኖ መትከል በነፃ ስለሆነ ነውር ነው። አሜሪካዊቷ ዳያና ዋልስታድ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ተራ አፈር ከታች በስሱ አንጥፎ፣ ጠጠር ከላይ አልብሶ ዕፅዋት ማብቀል እንደሚቻል አሳይታለች። አፈር ርካሽ ነው፤ ይጠርጥሩት። ይልቅ ማዳበሪያ ይነስንሱ። ለጤፍ የሆነ ዩሪያ ለዓሣ ምን ይሆናል? አሞኒያ ይሆናል፤ ግን በዚህ ደረጃ ላይ አንድ አሞኒያ ቢጨመር ምን ለውጥ ያመጣል።

እምቦጭም አለ። አበባው ሐምራዊ፣ ዋጋው ዜሮ። ከሐይቅ ዳር ይዘው ይምጡ፤ ሲበዛብዎ ቅርብ ወዳለው ወንዝ ይጣሉት። ጣና ላይ ሕዝብ በጀልባና በእጁ ሲነቅለው የከረመውን አረም በፌስታል ይዞ መዞር ምን ዓይነት ጤንነት ነው ብሎ የሚጠይቅዎ ቢኖር፣ ዓሣ እንደማይወድ ይወቁ።

መብራቱን ሌት ተቀን ያብሩት፤ ስምንት ሰዓት ይበቃል የሚሉት ጨለማ ያደጉ ናቸው። መስታወቱ አረንጓዴ ሲለብስ «ተክሉ አደገ» ብለው ይደሰቱ።

ምግቡን የቤተ ሰቡ አባል ሁሉ በየተራ ያብላ። ልጆቹ ዳቦ፣ ሠራተኛዋ ፍርፋሪ፣ እማማ ደግሞ «አፉን የሚከፍት እኮ ቢርበው ነው» እያሉ እንጀራ። በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቀውን ብቻ መስጠት የንፉግ ቤት ሥርዓት ነው። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ለግማሽ ቀን ሲቆም በተለይ አብዝተው ያብሏቸው፤ መንፈሳቸው ይጽናና።

የመጨረሻው ዓሣ ሲያልቅ ጥፋተኛውን በጊዜ ይለዩ። እሑድ ዕለት ገንዳው ፊት ቆማ «ውይ ሲያምሩ!» ያለችው የጎረቤት ሴትዮ ነች፤ ዓይኗ ድሮም ጥሩ አልነበረም። ይህን ካረጋገጡ በኋላ ለእኔ ይደውሉ፤ ከእራት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ፎቶ ይላኩ። የምነግርዎትን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ያዳምጡ፤ «እንዴ! ሻጩ ግን እንደዚህ አላለኝም» ይበሉ። ከዚያ ስልኩን ዘግተው በረኪናውን ያንሡ።