ዳንቴል የለበሰው ዋይፋይ

ዋይፋይ ቤታችን ሲገባ እንደ ክቡር እንግዳ ነው የምንቀበለው፤ ቡፌ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ ዳንቴል አልብሰን። ሞገዱ እንኳ ለዳንቴል ደንታ የለውም፤ ሙቀቱ ነው መውጫ የሚያጣው። ሲግናሉን የሚጋርደው የቴሌቪዥኑ ብረት ነው። እኛ ግን «ጓዳ ድረስ አይደርስም» እያልን መስመሩን እንረግማለን።

የይለፍ ቃሉማ! ከ8 ፊደል እንዳያንስ ስለሚጠይቅ ከ1 እስከ 8 እንቆጥርለታለን፤ ቁጥር መቻላችንን ማን ይጠራጠር? የጎረቤት ልጅ ይህን ጥብቅ ምስጢር ይዞ አጥራችን ሥር ፊልም ያወርዳል። ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ሳጥኑን ነቅለን እንሰካለን። (መንቀሉ እውነትም ይሠራል፤ የተጨናነቀው ሚሞሪ ይጸዳል፣ መስመሩም እንደ አዲስ ይገናኛል።) መብራቱ አረንጓዴ እንደሆነ ግን ከእኛ ቀድሞ የሚገባው ያው ልጅ ነው፤ «ተመለሰላችሁ?» ብሎም በአጥሩ በኩል ይጠይቃል።