ለክቡር በሰቃ ሐይቅ፣ መተሐራ

ጉዳዩ፦ አስፋልቱን ስለመልቀቅ

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? እኛ አስፋልታችን ከመርጠቡ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ይህን የምጽፍልዎ ባለፈው ወደ ድሬ ዳዋ ስሄድ አውቶቡሳችን መሐልዎ ላይ ስለ ቆመ ነው። ከፊታችን የአንድ ተሳቢ ጎማ ፈንድቶ መንገዱ ተዘጋ። ረዳቱ ወርዶ ድንጋይ ሲያቀብል እኔ በመስኮት እርስዎን ሳይ ቆየሁ። በግራም በቀኝም እርስዎ ነዎት። የደረቁ የግራር ግንዶች ከውኃው ብቅ ብለው ቆመዋል፤ አንዱ ጫፍ ላይ አንዲት ወፍ ክንፏን ታደርቃለች። ዳር ዳሩ በጨው ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት "ይህን ሁሉ ውኃ ይዘው ነው ውኃ የለም የሚሉት?" ቢሉ፣ ረዳቱ ከታች ሆኖ "እማማ፣ ይሄን እንኳን ሰው ከብትም አይጠጣው" አላቸው።

ለመሆኑ ይዞታዎን ያሰፉት በየትኛው መመሪያ ነው? በ1950ዎቹ መጀመሪያ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የያዙ ጭምት ጎረቤት ነበሩ፤ ዛሬ ከ40 በላይ ነዎት። ሊዝ አልተጫረቱ፣ ካርታ የለዎት። የእኔ ጎረቤት የአጥሩን ቆርቆሮ አንድ ሜትር ወደ ውጭ ቢገፋ በሳምንቱ ቀይ ቀለም ተቀባበት። እርስዎን ግን የሚቀባ አልተገኘም።

ማን እንዳሰፋዎ ደግሞ ባለሙያዎቹም አልተስማሙም። ቆቃ ተገድቦ አዋሽ በጋውንም በርከት ብሎ መፍሰስ ከጀመረ ወዲህ፣ የአባዲር እርሻ ሸንኮራ ጠጥቶ የተረፈው መስኖ ወደ እርስዎ ሰረገ የሚሉ አሉ። የለም፣ ከሥር የሚገባው ፍል ውኃ ነው የሚሉም አሉ። ከጎረቤትዎ ከፈንታሌ ተራራ ጋር ከመሬት በታች ምን እንደምትነጋገሩ እናንተው ታውቃላችሁ፤ በ2017 ዓ.ም. አካባቢውን እንደዚያ ሲያንቀጠቅጠው እኛም ወሬውን በከፊል ሰምተነዋል።

አንድ ነገር ልምከርዎ፦ የተሳሳቱት በቅደም ተከተል ነው። የከረዩ አርብቶ አደሮችን ግጦሽ ቀስ እያሉ ውኃ ሲያለብሱ የከረሙበት ዘመን "የተፈጥሮ ክስተት" ነበሩ። ለዚያውም ሸንኮራውና የአዋሽ ፓርክ ወስደው የተረፈችውን ግጦሽ! አስፋልቱን የነኩ ዕለት ግን "አገራዊ ስጋት" ሆኑ። ከወጪ ገቢ ንግዳችን ከመቶ 90 በላዩ በጅቡቲ በኩል ነው፤ ብዙው የሚያልፈውም እዚሁ እርስዎ ደጃፍ ነው። ላም ግጦሽ ብትለቅ ማን ያያል? ተሳቢ ሲቆም ግን ስብሰባ ይጠራል።

እናም መንገዱ በሙሌት ከፍ ተደረገ፤ ሐዲዱም ከፍ አለ። እርስዎም ከፍ አሉ። በመጨረሻ ቦይ ተቆፈረልዎና ወደ አዋሽ እንዲለቀቁ ተወሰነ፤ ግን በልክ፣ ከአዋሽ ፍሰት ከመቶ 2 እጅ ያህል፣ ባልትና የምታውቅ ሴት ወጥ ላይ ጨው እንደምትነሰንሰው። በጋ አዋሽ ሲቀጥን የእርስዎ ድርሻም ይቀጥናልና ውኃው እዚያው ይተኛል። ክረምት አዋሽ ሲሞላ ብዙ መልቀቅ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ታች አፋር ውስጥ ያለው አሚባራ ራሱ ጎርፍ ይፈራል። አስፋልቱ በሴንቲ ሜትር ይለካል፤ ታች ማሳ ላይ የሚቀረውን ጨው በምን እንደሚለኩት ግን ረዳቱንም ብጠይቀው አላወቀም።

ድሮ ጨው ከአፋር በግመል ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። አሁን እኛ በቦይ እንልክላቸዋለን። የትራንስፖርት ወጪ የለውም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ቢያንስ እስከ ጥር መጨረሻ ከመንገዱ ዳር ፈቀቅ ብለው እንዲቆዩ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኅቴ ድሬ ዳዋ ልጅ ልትድር ነው፤ ድስቱና ብረት ምጣዱ የሚጫነው ከእኔ ጋር ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ተሳፋሪ፣ ወንበር ቁጥር 23

ግልባጭ፦
ለአዋሽ ወንዝ፦ እንዲያውቀው
ለፈንታሌ ተራራ፦ እንዳያውቀው
ለአሚባራ ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች፦ ከውኃው ጋር አብሮ ይደርሳቸዋል