ለክቡር ወጪ መጋራት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቀሪ ዕዳን እንዲያሳውቁን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከየካ እጽፍልዎታለሁ። በ1995 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ከተወለዱ ወዲህ ፊትዎን ያየ ባይኖርም ስምዎን የማያውቅ ተመራቂ የለም። እኛ ሰፈር «ኮስት ሼሪንግ» ይሉዎታል፤ እንደ ቁልምጫ ይውሰዱት።

በቅድሚያ ደግነትዎን ላመስግን። ባንክ ቢሆን ቤት አስይዝ፣ ዋስ ጥራ ይል ነበር። እርስዎ ግን ገና ጢም ያላበቀለው ልጅ ዶርም ለመረከብ በተሰለፈበት ሰዓት ቅጽ ያቀርቡለታል፤ እሱም ከፍራሹ ጋር አብሮ ይፈርማል። የፈረመውን ያነበበ ካገኙ ያስተዋውቁኝ። እንደ ደንቡ የምግቡና የመኝታው ወጪ በሙሉ፣ የትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶው የተማሪው ዕዳ ነው።

መኝታው ላይ ትንሽ ልቆይ። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክማ የምትወርድ እናት፣ ልጇ ስድስት ኪሎ ቢደርሰው ኖሮ እቤቷ እያደረ በእግሩ ወርዶ በተማረ ነበር። ምደባው ግን ሰመራ ይጥለዋል። እናት ቤት ያለው መደብ ባዶውን ያድራል፣ የሰመራው አልጋ በዕዳ ይመዘገባል። ሙቀቱን አለማስከፈልዎ ውለታ ነው።

አከፋፈልዎም ቢሆን እጅግ የታሰበበት ነው። ገንዘብ ያለው ከጅምሩ ሲከፍል 5 በመቶ፣ ሲመረቅ አጠቃሎ ሲከፍል 3 በመቶ ይቀንሱለታል። የሌለው ሥራ ሲይዝ፣ ቀጣሪው ከደመወዙ ከ10 በመቶ ያላነሰ እየቆረጠ ለግብር ሰብሳቢው ያስገባል፤ እስከ 15 ዓመት። ቅናሽ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ በሚገባ አጥንተዋል። አውስትራሊያ እንደ ፈረንጆቹ በ1989 ይህን መሰል ብድር ስትጀምር፣ ገቢው ከተወሰነ መጠን በታች የሆነውን ተመራቂ እንዳትነካ ወስና ነበር። ባለጠጋ አገር ስለሆነች ይሆናል ድኻ የምትፈራው።

ኮተቤ ተምሮ መምህር የሚሆነውማ ዕዳውን በጠመኔ ይከፍላል፤ በማስተማር አገልግሎቱ ይካካስለታል። በዚህ አልሸሙጥም። የመምህር ደመወዝ ምን እንደምታህል የገባው ሰው የጻፈው አንቀጽ ነው።

ዋናው ጥበብዎ ያለው ግን ሬጅስትራር ቢሮ ነው። ዕዳው ሳያልቅ ኦሪጅናሉ ዲግሪ አይወጣም፤ ተመራቂው ቴምፖራሪውን አንጠልጥሎ ይሄዳል። ቀጣሪው «ኦሪጅናል አምጣ» ይለዋል፣ ሬጅስትራሩ «ከፍለህ ና» ይለዋል፣ ኪሱ ደግሞ «መጀመሪያ ተቀጠር» ይለዋል። ይህን ክብ የነደፈው ሰው መቼም መሐንዲስ ነው፤ የራሱ ኦሪጅናል ወጥቶለት እንደሆነ እንጃ።

አንድ ምሥጢር ልንገርዎ፤ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር። በ2000 ዓ.ም. ግድም ጥቂት ሺህ ብር ዕዳ ማለት ለጀማሪ ሠራተኛ የወራት ደመወዝ ነበር። ዛሬ፣ ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላማ፣ ከአንድ ጥሩ ጫማ ብዙም አያልፍም። ታምኖ ቶሎ የከፈለው ከሰረ፤ የተደበቀውን የኑሮ ውድነት ዕዳውን አቀለለለት። ብድር በምድር ብለን ያሳደግናቸው ልጆች ይህን ሒሳብ ሲሠሩ ምን እንበላቸው?

እኔ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ቴሌ የ5 ብር የአየር ሰዓት ሲያበድረን እንኳ ተበደራችሁ፣ ተቆረጠ ብሎ መልእክት ይልካል። እርስዎ የአራት ዓመት እንጀራና አልጋ አበድረው፣ ስንት እንደተቆረጠና ስንት እንደቀረ በዓመት አንዴ የነገሩትን ሰው እስካሁን አላገኘሁም። እንጦጦ አናት ላይ፣ 3,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ ኮከብ የሚቃኙ ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። የሰፈራችን ተመራቂዎች ቀሪ ዕዳቸውን እንዲፈልጉባቸው ይፈቀድላቸው ዘንድ ማመልከቻ ልንጽፍ ነው፤ ድጋፍዎ አይለየን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አንድ የየካ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ኦሪጅናሎቹ ለተቆለፉበት ቁም ሣጥን
ቁልፉን ለያዙት፣ ከምሳ ሲመለሱ