መደበኛ ድንጋጤ

በአፍሪካ ቀንድ ድርቅና ጎርፍ ሳይነገር የሚመጣበት ዘመን ካለፈ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የቀጣናው የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ወቅት ሊገባ ሲል እየተሰበሰቡ፣ መጪው ዝናብ «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» ወይም «ከመደበኛ በታች» የመሆን ዕድሉ ስንት በመቶ እንደሆነ ቀለም በተቀባ ካርታ ያወጣሉ። ትንበያው ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ «የሚገኘውን እርጥበት በአግባቡ እንጠቀም» ተብሎ ይመከራል። እርጥበት የማይገኝበት ሰው ምኑን በአግባቡ እንደሚጠቀም አልተነገረም፤ ምናልባት ትዕግሥቱን። ከዚያ በኋላ የሚቀረው፣ የተባለው ሲደርስ መደንገጥ ነው። ይህን ድንጋጤ ማንም እንዳይንቀው፤ ብዙ ተደክሞበታል።

አስቀድሞ እያወቁ መደንገጥ ቀላል ይመስላል? እ.ኤ.አ. በ2010 ላኒና መግባቱ ታውቆ፣ ምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ሊያጥረው እንደሚችል ከነሐሴ ጀምሮ ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ነበር። ዕርዳታው በብዛት የተንቀሳቀሰው ግን የተባበሩት መንግሥታት በሐምሌ 2011 በደቡብ ሶማሊያ ረሀብ መግባቱን ካወጀ በኋላ ነው። በኋላ የወጣ ጥናት የሟቾቹን ቁጥር 260,000 ገደማ አደረሰው፤ ከግማሽ በላዩ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ያን ያህል ወራት በእጅ ይዞ መዘግየት ልምምድ ይጠይቃል፤ ልምምዱም አልተቋረጠም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ በተከታታይ ሲከዳ ቆይቶ፣ የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል በነሐሴ 2022 አምስተኛው ወቅትም ሊቀር እንደሚችል አስታወቀ፤ ቀረም። ቦረና ያለቁ ከብቶቹን ሐዘን ሳይጨርስ፣ በ2023 ክረምት ደግሞ ኤልኒኖ ትርፍ ውሃ ይዞ እንደሚመጣ ተነገረ። በኅዳር የዋቢ ሸበሌ ወንዝ የሶማሊያዋን ከተማ በለደወይንን ሲያጥለቀልቅ ድንጋጤያችን እንደ አዲስ ትኩስ ነበር።

ትንበያ ዕድልን እንጂ እርግጡን አይናገርም ተብሎ ይሞገታል። እውነት ነው፤ ሰማይን ከወራት በፊት ልቅም አድርጎ የሚያነብ የለም፣ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 50 በመቶ የተባለለት ወቅትም ረጥቦ ሊያልፍ ይችላል። ይህ ግን ገበሬውን ዘር ከመዝራት፣ አርብቶ አደሩን ከብት ከመሸጥ አግዶት አያውቅም፤ ዕድልን ተማምኖ መወሰን የዘወትር ሥራቸው ነው። መቶ በመቶ ካልሆነ አልፈርምም የሚለው፣ ቢሳሳት እራቱ የማይጓደልበት ሰው ነው። ካርታው ሰፊ ነው፣ ወረዳ ድረስ አይወርድም የሚለውም መከራከሪያ እውነት አለው፤ አንድ ቀለም ተራራውንም በረሃውንም ይሸፍናል። ሆኖም ደጋው ላይ የዘነበው ቆላውን እንደሚያጥለቀልቅ ለማወቅ የወረዳ ካርታ አያሻም። ወንዙ ወዴት እንደሚፈስ ከታወቀ ትንሽ ቆይቷል።

እርግጥ ነው፣ የድርቁ ዕድል ይህን ያህል በመቶ ከደረሰ ይህን ያህል ገንዘብ፣ መኖና ውሃ ያለ ተጨማሪ ስብሰባ ይውጣ ብሎ አስቀድሞ መፈራረምም ይቻላል፤ የረድኤት ድርጅቶች በጥቂቱ ሞክረውታል። ጉዳቱ ግን ይታሰብ። «ድንገተኛ አደጋ» የሚለው ሐረግ ከሪፖርቱ ይወጣል፣ ግብረ ኃይል የሚቋቋምበት ምክንያት ይጠፋል፣ የጎርፍ ቀጣና በሄሊኮፕተር የሚጎበኝ ባለሥልጣንም ቢሮው ሊውል ነው። ሰው ሳይጠማ የደረሰ የውሃ ቦቴ ደግሞ ለዜና ፎቶ ምን ያህል እንደማይመች ካሜራ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል።