ላስቲኩን እንዳትነኩ!

በመካነ ሰላም ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥንን የሚያክል የክብር እንግዳ የለም። ከደሴ ተነሥቶ፣ በጉጉፍቱ ዳገት ተንገጫግጮ፣ አቀስታን አልፎ በሰላም ሲገባ ጎረቤት ይሰበሰባል። ካርቶኑ ተከፍቶ ቡፌው ላይ እንደተሰየመ አባወራው የመጀመሪያውን አዋጅ ያውጃል፦ «ላስቲኩን እንዳትነኩ!»

ፋብሪካው ያን ላስቲክ የለጠፈው ለመንገድ ነበር፤ እኛ ለዕድሜ ልክ አደረግነው። ጠርዙ ተገልጦ አቧራ ይቅማል፤ መሃሉ አረፋ ያወጣል፤ ዜና አንባቢዋም ፊቷ አብጦ ትታያለች። ግድ የለም፤ ያበጠችው እሷ ናት፣ እስክሪኑ ደኅና ነው።

ቀጥሎ ዳንቴል። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር የነበረው ሣጥን ወፍራም ነበርና አናቱ ላይ ዳንቴል ያስነጥፍ ነበር። የዛሬው እንደ ጣት የቀጠነ ነው። ስለዚህ ዳንቴሉ ግማሹ ወደ ፊት ተንጠልጥሎ የኳሱን ውጤት ይሸፍናል፣ ግማሹ ከኋላ የሙቀት መተንፈሻ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። አገሩ ደጋ ነውና ጋቢ የሚደርቡለትም አሉ፤ ብርድ እንዳይመታው።

ሪሞቱስ? ፌስታል ለብሶ በክር ታስሯል። ቁልፎቹ እንደ አዲስ ናቸው፤ ፌስታሉ ግን በወጥ እጅ ጠቁሮ ድምፅ መጨመሪያው የቱ እንደሆነ አይለይም። ሪሞት ቴሌቪዥኑን የሚያዘው ዓይን በማያየው ብርሃን ነው፤ የቆሸሸ ፌስታል ብርሃኑን ሲያደክመው እኛ «ባትሪው ነው» ብለን ባትሪ እንገዛለን።

ወጣቱም ከአባቱ አላነሰም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስልኩ ላይ መስታወት ያስለጥፋል፣ ወፍራም ከቨር ያለብሰዋል፣ ከከቨሩ ሥር መታወቂያና አንድ መቶ ብር ይሸጉጥበታል፤ ከዚያ ትራስ ሥር ከትቶ ቻርጅ ሲያደርገው ያድራል። የሊቲየም ባትሪን ዕድሜ የሚበላው ሙቀት ነው። ይብላው፤ ዋናው አለመጫሩ ነው።

በዚህ ሁሉ ጥበቃ መሃል ሳይጠበቅ የቀረው ሶኬቱ ብቻ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ጉልበቱን ጨምሮ የሚመጣበት ጊዜ አለ። መስመሩ ላይ ኒውትራሉ ከተበጠሰማ 220 ቮልት ሊገባበት የሚገባው ቤት ወደ 380 የሚጠጋ ሊደርሰው ይችላል። የክረምቱን መብረቅ የመካነ ሰላም ሰው ከኔ በላይ ያውቀዋል። ቴሌቪዥኑ፣ ዲሹ፣ ፍሪጁና የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ ግን በአንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተው ይጠብቁታል። ስታብላይዘር ግዙ ሲባል ውድ ነው፤ የገዛም እንደሆነ ዳንቴል ያለብሰዋል።

እናም አንድ ምሽት መብራት ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ይቃጠላል። ጠጋኙ ጀርባውን ሲፈታ ፓወሩ ከስሏል። ፊቱ ግን አንድም ጭረት የለበትም! ባለቤቱም በዚህ ተጽናንቶ፣ መልሶ ቡፌው ላይ አስቀምጦ ይሸፍነዋል። ከነላስቲኩ ነው፤ አዲስ ነዋ።

እባካችሁ፣ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመለስም እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ታገሡ፣ በተለይ ለፍሪጁ። ላስቲኩን ዛሬውኑ ላጡት። ዳንቴሉ ካሳዘናችሁ ጠረጴዛው ላይ አንጥፉት።